የወንድሜን ብረት እጠብቃለሁ

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄም ለወንድሜም፣ ለዶክተር እምሩ፣

በመካከላችን የተጋደመውን ባሕር ሁሉ ተሻግሮ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። ሆላንድ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ዘንድ ውርጩ ጀምሯል። ጎህ ሲቀድ ገብሱ ላይ ነጭ ሆኖ ይተኛል፣ ፀሐይ ስትወጣ ማንም ሳያየው ይሄዳል።

«የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ምን አልዎት?» እያልክ ደጋግመህ ጠየቅከኝ። ባትጠይቀኝ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ያው ራስ ምታት ነው። ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጸጉር ስፈትል ዓይኔ ይደክማል፣ ከዚያ ግንባሬን ይወቅረኛል። ሐኪሙ ገና ጢሙ ያልበረታ ልጅ ነው። ዓይኔን በመብራት ደጋግሞ አየ፤ ምን እንዳየ የማይነግር ሐኪም ደግሞ አልወድም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ማግኔት ያለበት ቱቦ ውስጥ ተኝቼ የጭንቅላቴን ውስጥ ፎቶ እንድነሣ ጻፈልኝ። ኤምአርአይ ይሉታል አለኝ። ፎቶው ጥርት እንዲል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትም አለው። «ምን ዓይነት መድኃኒት?» ብለው «ከብረት የተሠራ ነገር ነው» አይለኝም!

እኔማ ከወንበሩ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። «እሱን የሚሠራው እኮ ወንድሜ ነው! እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግኩት!» አልኩት። ልጁ ፈገግ አለ እንጂ አላመነኝም። በባና ፈታይና በእንዲህ ያለ ብረት መካከል ምን ዝምድና አለ ብሎ ይሆናል።

እስቲ አንተው ንገረኝ። እውነት ያንተ ነው? ስምህ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል? ከሆነ ነገ ዛሬ ሳልል እሄዳለሁ። ካልሆነ ግን የማንን ብረት ነው በደሜ የምሸከመው? ጎረቤቴ የትምወርቅ «ብረት ጠጥተሽ ማግኔት ውስጥ ብትገቢ ተጣብቀሽ ትቀሪያለሽ» እያለች ታስፈራራኛለች። ለእሷም የሚሆን መልስ ላክ።

እህትህ ጥሩሸዋ


ላይደን፣ ኅዳር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወደ ላቦራቶሪ እየገባሁ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች አልፈውኝ ገቡ። ጤናዎን ሳልጠይቅ ወደ ብረት ወሬ መግባቴን ይቅር ይበሉኝ፤ የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት።

ስሜ ጠርሙሱ ላይ የለም። አሁን በየሐኪም ቤቱ ያለው ብረት ጋዶሊኒየም ይባላል። ራቁቱን ከሆነ መርዝ ነው። ስለዚህ ኬሚስቶች ጎጆ የመሰለ ነገር ሠርተው በውስጡ ይዘጉበታል። እንደ ተዘጋ በደም ሲጓዝ በአጠገቡ ያለው የሰውነት ውሃ ለማግኔቱ ቶሎ መልስ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ያ ቦታ ፎቶው ላይ ይበራል። ሥራውን ሲጨርስ ኩላሊት አጣርቶ ያስወጣዋል። ማግኔት ላይ የሚያጣብቅ ነገር የለውም፤ ለየትምወርቅ ይህን ይንገሩልኝ።

ነገር ግን ዘንድሮ ክፉ ወሬ ተሰምቷል። ኩላሊታቸው የደከመ አንዳንድ በሽተኞች ይህን ከወሰዱ በኋላ ቆዳቸው እንደ ቁርበት ደርቆባቸዋል። እኔ የምሠራው ሌላውን ነው። ማንጋኒዝ ይባላል፤ በገብሱም በአተሩም ውስጥ ያለ፣ ሰውነታችን ከጥንት የሚያውቀው ብረት ነው። ለእሱ ጎጆ እየሠራሁ በአይጥ ላይ ስሞክር ይኸው አምስተኛ ዓመቴ። ሲሟሟ የጎህ ሰማይ የመሰለ ስስ ሮዝ ቀለም አለው። አንዳንድ ቀን ሥራዬን ትቼ ብልቃጡን በመስኮት ብርሃን ሳዞር እውላለሁ። አለቃዬ አይቶኝ ያልፋል።

እትዬ፣ ኩላሊትዎን ተመርምረው ያውቃሉ? የራስ ምታት ብቻ ከሆነ ጥቂት ቢታገሱኝስ? የእኔው ብረት ቢደርስልዎ፣ መጀመሪያ የሚያበራው የእርስዎን ራስ ቢሆን፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አልፈልግም ነበር።

ወንድምዎ እምሩ


መሐል ሜዳ፣ ጥር 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

በዓሉ እንዴት አለፈ? እዚያ ታቦት የሚያጅብ ሰው አገኘህ ወይስ ብቻህን ዘምረህ ብቻህን ገባህ?

ታገሱኝ ብለኸኝ እምቢ ያልኩህ መቼ ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። የአስተርዮ ማርያም ዕለት ታቦቷ ስትወጣ ተንበርክኬ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ የሌላ ሰው ብረት ወደ ደሜ አላስገባም፤ የወንድሜን ብረት እጠብቃለሁ። እሱ ደርሶልኝ ከዳንኩ ዘርፍ ያለው ዣንጥላ አስገባልሻለሁ» አልኩ። የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረ አማኑኤል አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል። እንግዲህ ነገሩ የእኔና ያንተ ብቻ መሆኑ ቀረ። ስለት ነው፤ በርታ!

ራሷን እንዴት አደረጋት ብለህ ካሰብክ፣ ደህና ነኝ። ይልቅ የሚገርም ነገር ላጫውትህ። ዘንድሮ ጉሙ ከጓሳ በኩል ወርዶ አልመለስም ብሏል። ሰው ድንገት ፊቴ ይቆማል፤ ከየት እንደ መጣ አላይም። ትናንት የትምወርቅ ከመሬት የፈለቀች መስላ ብቅ ስትልብኝ ደንግጬ እንዝርቴን ጣልኩ። «ምን ጉም አለ? ፀሐይ እኮ ነው!» እያለች ሳቀችብኝ። ለእሷ ፀሐይ ይሁንላት። እኔ ጉሜን ወድጄዋለሁ። ዳርና ዳሩ የለም፤ መካከሉ ብቻ ይበራል። ሜዳው ላይ ያሉት ጅብራዎች ማኅሌት የቆሙ ደብተራዎች ይመስሉኛል። ወደ እነሱ ስሄድ እግሬ መሬት የሚረግጥ አይመስለኝም፤ ተኝቼ የምሄድ ያህል ነው። ሲመሽ ደግሞ ቀለም ያላቸው ትናንሽ ብርሃኖች ይመጣሉ። አይዞህ፣ አያስፈሩም። ቆንጆ ናቸው።

ስለ አይጦቹ ጻፍልኝ። ለመሆኑ በደንብ ትመግቧቸዋላችሁ?

ጥሩሸዋ


ላይደን፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣ እንኳን ለትንሣኤው አደረስዎ።

የስለቱን ነገር ሳነብ ሳቅኩ፣ አፈርኩም። እውነቱን ልንገርዎና ኮራሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃውን የምወጣው እየሮጥኩ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ምን እንደ ነካኝ ይጠይቁኛል፤ ስለት ምን እንደሆነ በእነሱ ቋንቋ ማስረዳት አቅቶኝ ተውኩት።

አይጦቹ ከእኔ የተሻለ ይበላሉ። ባለፈው ሳምንት አንዷን አደንዝዘን ማግኔቱ ውስጥ አስተኛናትና የእኔን መድኃኒት ሰጠናት። መጀመሪያ ግራጫ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከግራጫው መካከል ትንሽ ነገር ቀስ ብላ በራች። ልቧ ነበረች። እየመታች ታበራለች። ከመካከላችን አንዱ «ጥሩ ውጤት ነው» አለ። እኔ ግን የት እንዳለሁ ጠፍቶኝ ነበር። የዘመሮ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጬ ቆላው ውስጥ አንድ ቤት እሳት ሲያነድ የማይ መሰለኝ።

«መቼ ይደርሳል?» ብለው ከጠየቁኝ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ይህን ስጽፍ ቃል መግባቴ እንዳይመስልዎ። ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ካለው ይከፋል።

የኩላሊቱን ጥያቄ አልፈውታል። ሌላም ያለፉት ያለ ይመስለኛል። በጉሙ ግን ቀናሁብዎ። እዚህም ጠዋት ጠዋት ከቦዩ ጉም ይነሣል፤ ማኅሌት የሚቆምበት ጠፍቶ ነው እንጂ።

እምሩ


መሐል ሜዳ፣ ሰኔ 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

እምሩዬ፣

አጥብቀህ ስለ ኩላሊቴ ትጠይቀኛለህ። ጠላ ከጠጣሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስነሣኝ ያድራል፤ ከዚህ በላይ ምን ይሥራልህ?

አሁን እኔ ልጠይቅ። የዘመሮዋ የጌታነሽ ልጅ ተክለጻድቅ እዚያው ሆላንድ ሲማር ቆይቶ ለክረምቱ ይመጣል አሉ። በእሱ እጅ ትንሽ ብልቃጥ ላክልኝ። ይዤው አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ «ይኸው ወንድሜ የላከው፣ ይህን ውጉኝ» እላቸዋለሁ። ስለቴም አይፈርስ፣ ፎቶዬም ይነሣ። የአይጧን ልብ ያበራ ነገር የእኔን ራስ ምን ያደርገዋል? ለአይጥ የሰጠኸውን እህትህን ትነሳታለህ?

በኋለኛው ደብዳቤህ ጽሕፈቴ ተልቆ መስመሩን መሳቱን ታዝበህ ጽፈህልኛል። መነጽር ቢኖረኝ ይስተካከል ነበር።

ለአክስታችን ተዝካር ዓለም ከተማ ወርጄ ነበር። መንገዱ እንደ ድሮው አጥንት ያላላል። አውቶቡስ ተራው ላይ እንደ ወረድኩ አንዲት የጫነች በቅሎ በግራ ጎኔ መጥታ ጣለችኝ። ስነሣ ደግሞ በቀኝ ከአንድ ሰውዬ ጋር ተጋጨሁ። «እናቴ፣ ዓይን የለዎትም እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። «አለኝ ልጄ፤ ወደ ፊት ለፊት ብቻ ነው የማየው፤ የጎኑን ትቼዋለሁ» አልኩት። ከዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። በተዝካሩ ጠላ ስቀዳ ከዋንጫው ውጪ እያፈሰስኩ ሴቶቹ እንስራውን ከእጄ ወሰዱብኝ። ተቀመጥኩና ዝም ብዬ ቆላውን አየሁት። ፊት ለፊቴ ብቻ፣ በጠባብ በር እንደሚያዩት፣ ወርቅ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ ውበት በሙሉ ዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ብልቃጡን አደራ።

ጥሩሸዋ


ላይደን፣ ሐምሌ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ፣

በቴሌ በኩል ሁለት ቀን ሞከርኩ፣ መስመሩ እምቢ አለ። ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ፤ ለቄስ ገብረ አማኑኤልም ለብቻቸው ጽፌያለሁ።

የበቅሎዋን ታሪክ አብሮኝ ለሚሠራ ሐኪም እየሳቅኩ ተረጎምኩለት። እሱ አልሳቀም። «ሁለቱም ጎኗ ነው የማይታያት?» አለኝ። ቀድሞ የጻፉልኝንም አውጥቼ አነበብኩለት፤ የየትምወርቅን፣ የጅብራዎቹን። ከሁለቱ ዓይን የሚመጡት ነርቮች ከአንጎል ሥር የሚተላለፉበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ አንድ ነገር ሲጫን ግራና ቀኙ ይጠፋል፣ መካከሉ ይቀራል። ጉሙ ጉም አይደለም፣ እትዬ። ካልተነሣ መካከሉንም ይወስደዋል።

ብልቃጡን አልልክም። ለአይጧ የምሰጣት ብትሞትብኝ ስለማላለቅስ ነው። በእርስዎ ደም ውስጥ ጎጆው ይከፈት አይከፈት አላውቅም፤ የማላውቀውን ነገር ወደ እርስዎ አልልክም። ይቆጡኝ።

የእኔን ብረት አይጠብቁ። ያለኝ ተስፋ የዓመታት ነው፤ የእርስዎ ዓይን ግን ዓመታት የለውም። ስለቱ ከከበደዎ እንዲህ ያድርጉ። ይሂዱና ማግኔቱ ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይተኙ። እንዲህ ነርቭ እስኪጫን ያደገ ነገር ያለ ብረትም ይታያል። ወደ ደምዎ ምንም አይገባም፤ የእኔም፣ የማንም። ሕይወቴን የሰጠሁለት ነገር እርስዎን ለማየት አያስፈልግም፤ ይህን በደስታ ነው የምጽፈው። የሚያስለቅሰኝ «ይታገሱኝ» ብዬ የጻፍኩት ነው። ራስ ምታት መስሎኝ፣ መኩራትም አማረኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። እባክዎ ዛሬውኑ ይሂዱ።

እምሩ


መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2000 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመትም ለሁለት ሺውም አደረሰህ። ከሐምሌው ወዲህ በተከታታይ የላክሃቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ ከአዲስ አበባ ስመለስ አንድ ላይ አገኘኋቸው። መልስ የዘገየው እጄ ሰንፎ አይደለም። አልቆ እስኪያበቃ ልነግርህ አልፈለግኩም። አሁን አልቋል።

ስለቱ አስጨንቆኝ ቄስ ገብረ አማኑኤልን ጠየቅኳቸው። «የተሳልሽው ስለሚገባው ነው፤ ምንም ካልገባ ምን ይፈርሳል? ነይ ተነሺ» ብለው ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። አዲስ አበባ ለሁለት ሺው መብራት በመብራት ሆናለች። የቱ የከተማው፣ የቱ የዓይኔ ብርሃን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ቄሱ እጄን ይዘው መሩኝ እንጂ እኔ በመብራት ወንዝ ውስጥ የምሄድ ነበር የመሰለኝ።

ማሽኑ ያለበት ክፍል ውስጥ «አንገትዎ ላይ ያለውን ያውልቁ» ሲሉኝ ተነሥቼ ልወጣ ነበር። ማተብ በጥሼ የምገባበት ቤት የለም! የምትሠራው ልጅ ግን የእኛው አገር ሰው ሆና ተገኘች፤ የብሩን መስቀል ብቻ አውጥታ ክሩን ተወችልኝ። ውስጡ ይጮሃል። መጀመሪያ ፈራሁ። ቀጥሎ ጩኸቱ ምት ያዘና የሩቅ ሠርግ ከበሮ ሆነልኝ፣ ባሏ ቤት የምትሄድ ሙሽራ ሆኜ በበቅሎ ላይ እንቅልፌን ተኛሁ። ሲያስወጡኝ «አለቀ?» ብዬ አዝኛለሁ።

ያለ ብረትህ ታየ። በለስ የሚያህል ነገር። በአፍንጫዬ በኩል ገብተው አወጡት፣ ክፉ አይደለም፣ አይመለስም ተባለ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል ነበር፤ ዘንድሮ አፌን ሳልከፍት ታየብኝ። ኩላሊቴም ተመርምሮ ደህና ነው፤ ይኸው መልስህ።

ቀኝ ዓይኔ ጎኑን መልሶ አግኝቷል። ግራው አልተመለሰም። ስለ ግራው ሐኪሙ ምን እንዳለ አትጠይቀኝ።

ፎቶውን ተክለጻድቅ ሲመለስ ያመጣልሃል። ያሳደገችህን ሴት ጭንቅላት እይ፤ አንተን ያስቀመጥኩበትን ቦታ ካገኘኸው ጻፍልኝ።

ጥሩሸዋ


ላይደን፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2000 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ፎቶው ደረሰኝ። ስንት ዓመት የአይጥ ራስ ሳይ ኖሬ የሰው ራስ አይቼ እንደማላውቅ ሆንኩ። የላቦራቶሪው መብራት ላይ ሰቀልኩትና ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ግንባርዎን አወቅኩት፤ የአፍንጫዎንም መስመር። ከዓይንዎ ኋላ ያች ነገር ተቀምጣለች፤ ከዙሪያዋ ሁሉም ነገር ጥላ የመሰለ ዝምታ ነው። ምሳ ሰዓት ሲሆን ሰዎች ገብተው «የማን ነው?» አሉኝ። የእህቴ ማለት አንሶብኝ «የእናቴ» አልኳቸው። ከዚያ አለቀስኩ፣ በፊታቸው።

ስለ ግራው እንዳልጠይቅ ብለዋል። አልጠይቅም፤ አውቄዋለሁና። ከኅዳር እስከ ሐምሌ የጠፋው ጊዜ የእኔ ጥፋት ነው።

የእኔ ብረት ገና አይጥ ላይ ነው። ጎጆው ቀስ እያለ ይከፈታል፤ ከአጥንታቸው ውስጥ ቅሪት አገኘን። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረናል። ብልቃጡን ብልክልዎ ኖሮ ዛሬ በእርስዎ አጥንት ውስጥ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፤ ይህንንም እንዳያልፉት። ሐኪሙ ጓደኛዬ ፎቶውን አይቶ «ይህ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ አብሯት ኖሯል» አለኝ። እኔ ከአገር የወጣሁት በ1988 መስከረም ነው። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተውኝ ነበር። ግንባርዎን በሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረዋል። «ምነው?» ስልዎ «ብርዱ ነው» አሉኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት ሳይዎት ዓይንዎን በእጅዎ ጋርደው ቆመዋል፤ እኔ እያለቀሱልኝ ነው ብዬ ስጽናና ሄድኩ። እትዬ፣ ያን ጊዜ ያምዎት ነበር? ለምን አልነገሩኝም?

እምሩ


መሐል ሜዳ፣ የካቲት 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

እምሩዬ፣

ደህና ነኝ። ዛሬ ደህና ነኝ ስልህ እመነኝ። የትምወርቅ በቀኜ ስትመጣ ከሩቅ አያታለሁ፣ በግራዬ ስትመጣ ግን ሆን ብላ ታስደነግጠኛለች። ጉሙ ሄዷል። እውነቱን ለመናገር ይናፍቀኛል፤ ሜዳው እንዲህ ሰፊ መሆኑን ረስቼው ነበር፣ አሁን ስወጣ ትንሽ ያዞረኛል። ፈትሌን ጀምሬያለሁ።

ሥራህን ከመጀመሪያው በመጀመርህ አትዘን። ስለ ግራው ዓይኔ ደግሞ ዳግመኛ እንዳትጽፍልኝ፤ ከጻፍክ ሳላነብ አቃጥለዋለሁ። አንተ ያዘገየኸኝ አንድ በጋ ነው። ራሴን ያዘገየሁት ግን አንተ ተምረህ እስክትጨርስ ነው።

አዎ፣ ያመኝ ነበር። አንተ ከመሄድህ በፊት ከነበረው ፋሲካ ጀምሮ። ብነግርህ አትሄድም ነበር።

እህትህ ጥሩሸዋ